የግራው ስፒከር

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው መንገድ ላይ ያገኛሉ። ወዲያው ጌታችንን የሚጠይቁት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነው፤ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? ሁለት ምርጫ ያቀረቡ ይመስላል፤ ሁለቱም ግን ተከሳሾች ናቸው። ሰውየው እዚያው ነው፤ ዓይኑ ባያይም ጆሮው ይሰማል። ጌታችን ሁለቱንም ክሶች ውድቅ አደረገ።

ይህ ክፍል ሲሰበክ ደጋግሜ የሰማሁት «ምክንያት አንጠይቅ፣ ሁሉም የእግዚአብሔር ሥራ ነው» የሚል ትምህርት ነው። አልቀበለውም። እኔ እንጀራዬን የማገኘው ምክንያት በመጠየቅ ነው። ሙያውን አዲስ አበባ፣ ተግባረ ዕድ ተምሬ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቤቴ ምድር ቤት አሮጌ አምፕሊፋየሮችን እጠግናለሁ። ወንጌሉን ወረድ ብሎ ያነበበ ሰው ደግሞ ጌታችን ከመልሱ ቀጥሎ መሬት ላይ እንትፍ ብሎ ጭቃ እንደለወሰ፣ የሰውየውን ዓይን እንደቀባ፣ በሰሊሆም እንዲታጠብም እንደላከው ያገኛል። እጁን ጭቃ ውስጥ ያስገባ ጌታ መመርመርንና መጠገንን ከለከለ ቢሉኝ አይዋጥልኝም። የከለከለው ሌላ ነው፤ ጉዳትን አይቶ ከዚያው ከጉዳቱ ላይ ጥፋተኛ ማንበብን።

በእጄ ካለፉት ዕቃዎች ይህን ልዩነት አጥርቶ ያሳየኝ አንድ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣ፣ ፊቱ ብርማ፣ አራት 6ኤል6 ቲዩቦች ያሉት፣ 85 ዋት የሚሰጥ፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች የተሸከመ ከባድ ሣጥን ነው። ይዞት የመጣው ወጣት በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ጊታር ይጫወታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ማሽን ስፒከር ይበላል» አለኝ ገና ሳያስቀምጠው። «አዲስ ገዝተን እናስገባለን፤ ጥቂት እሑዶች ይሠራል፤ ከዚያ ይቃጠላል። እንደገና እንገዛለን፤ እንደገና ይቃጠላል።»

አምፑን የገዙት ለዓመታት ናይት ክለብ ውስጥ ከተጫወተበት ሰው ነው። ከምእመናኑ መካከል ሁሉም የሚያከብሯቸው አንዲት እናት፣ ከዚያ ቤት የወጣ ዕቃ በአምልኮ ቦታ ሰላም አይሰጥም ብለው ነበር። ወጣቱ ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም። እናትየው የጠየቁት ያው የደቀ መዛሙርቱን ጥያቄ ነው። ጥፋቱ የራሱ ነው ወይስ የመጣበት ቤት?

ስፒከር ተቃጠለ ሲባል የሚቃጠለው ከወረቀቱ ኮን ጀርባ፣ ማግኔቱ መሐል የሚመላለሰው ኮይል ነው። ሽቦው ቀጭን ነው። ከሚችለው በላይ ከረንት ሲያልፍበት ይግላል፣ ቫርኒሹ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። ወጣቱ ያመጣውን የሞተ ስፒከር ኮኑን በጣቶቼ ቀስ ብዬ ስገፋው ይፋጫል፤ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል። መልቲሜትሩም መስመሩ መቆረጡን አረጋገጠ። ይህ ሁሉ ምስክርነት ነው። ኮይሉ ከአቅሙ በላይ እንደተጫነበት ይናገራል፤ ማን እንደጫነበት ግን አያውቅም። እኔ ከሞተ ዕቃ ላይ ከዚህ የበለጠ ቃል አልቀበልም።

ትራንዚስተር አምፕ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዲሲን ነበር። የመጨረሻው ትራንዚስተር ሲበላሽ ዲሲው በቀጥታ ስፒከሩ ውስጥ ገብቶ ኮይሉን በአጭር ጊዜ ያነደዋል። በዚህ ዓይነቱ ባለ ቲዩብ አምፕ ግን በቲዩቦቹና በስፒከሩ መካከል አውትፑት ትራንስፎርመር ይቆማል፤ ትራንስፎርመር ደግሞ የሚለዋወጥ ከረንት እንጂ ዲሲ ወደ ማዶ አያሳልፍም። ቀጥሎ ያለው ጥርጣሬ አምፑ ማንም ሳይነካው በራሱ የሚርገበገብ መሆኑ ነው፤ ይህ አንዳንዴ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ይከሰታል። በስፒከሩ ምትክ ትልቅ ሬዚስተር አስሬ በኦስሎስኮፕ ተመለከትሁ። መስመሩ ጸጥ ያለ ነው። የቲዩቦቹ ባያስ ልክ ነው። ካፓሲተሮቹም ደኅና ናቸው። እነዚህ ከ400 ቮልት በላይ የሚይዙ፣ አምፑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው ሊገድሉ የሚችሉ ስለሆኑ ሁልጊዜ አስቀድሜ አራግፋቸዋለሁ፤ ይህን ሥራ መሞከር የሚያምረው ወጣት ካለ ከሁሉ በፊት ይህን ይወቅ። በያዝሁት መለኪያ ሁሉ ማሽኑ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ወጣቱን ደውዬ የሚቃጠለው የትኛው ስፒከር እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ሁልጊዜ የግራው ነው ጋሼ። የሚገርመው ደግሞ ከሁለቱ ድምፁ የሚያይለው እሱ ነው።»

የቀኙን ለካሁት። ከ6 ኦም ትንሽ አለፍ አለ፤ ለባለ 8 ኦም ስፒከር ይህ የጤና ልኬት ነው። የሞተውን ገልብጬ ጀርባውን አነበብሁ፤ 4 ኦም፣ 50 ዋት ይላል።

ነገሩ እዚህ ላይ ተፈታ። ትዊን ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን በፓራለል ያገናኛል፤ ሁለቱ አንድ ላይ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ትራንስፎርመሩም የሚፈልገው 4 ነው። ታሪኩን ከወጣቱ ጋር አንድ በአንድ ወደኋላ ሄድንበት። ከብዙ ዓመት በፊት የግራው አርጅቶ ሞተ። የዚያን ጊዜ ባለቤት ይህ አምፕ ስንት ኦም እንደሚፈልግ ሰው ጠየቀ፤ 4 ተባለ። የተነገረው እውነት ነው። እሱም እውነቱን ይዞ ሄዶ ባለ 4 ኦም ስፒከር ገዛ። ያ ሲቃጠል የተቃጠለው ወደ ሱቅ ተወሰደና ይህንኑ ስጡን ተባለ፤ ሱቁም ያንኑ ሰጠ። ሁለቱ ስፒከሮች የሚደርሳቸው ቮልቴጅ አንድ ነው፤ ባለ 4 ኦሙ ግን ባለ 8 ኦሙ ከሚወስደው ኃይል እጥፉን ይወስዳል። በስሌት ከ85ቱ ዋት 57 ያህሉ ወደ ግራ፣ 28ቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ድምፁ ሲጮኽ፣ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሲሆን ደግሞ አምፑ የሚያወጣው ኃይል ከተጻፈለት እስከ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ባለ 50 ዋቱ ኮይል ይህን አይችልም። የግራው አይሎ የሚሰማው ብርታት ስላለው አልነበረም፤ እየነደደ ስለነበር ነው።

ማሽኑ ጤነኛ፣ የግራው ስፒከር ከፋብሪካው ጤነኛ፣ የቀኙ ጤነኛ፣ መካሪው እውነተኛ፣ ነጋዴው ታማኝ። ጉዳቱ ግን ደጋግሞ ደርሷል። ታዲያ ክፋቱ የት ነው የኖረው?

አውግስጢኖስ በወጣትነቱ 9 ዓመት ያህል ክፋት ራሱን የቻለ ባሕርይ አለው የሚሉትን ማኒያውያን ተከትሎ ነበር። በኋላ ያንን ትቶ ክፋት በራሱ የቆመ ነገር አይደለም፣ መኖር የሚገባው በጎ ነገር መጉደል ነው ብሎ አስተማረ። ይህ ትምህርት ለረጅም ጊዜ አላሳመነኝም ነበር። የጠቆረ ኮይል በእጄ ይዤ ይህ ጉድለት ብቻ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ልጇን የቀበረች እናት ፊት ቆሞ እንዲህ ማለትማ ድፍረት ነው። ሆኖም ያን ቀን ከጠረጴዛዬ ላይ ክፉውን ነገር ልለይ ብል የምይዘው አልነበረም። ለግራው ባለ 8 ኦም ስፒከር ሲገባለት ከሣጥኑ ያስወጣሁት ክፉ ነገር የለም። ባለ 4 ኦሙም ቢሆን አንድ ባለ 4 ኦም ስፒከር ብቻ በሚፈልግ ሌላ አምፕ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ በደኅና ይሠራል። ጉዳቱ የነበረው በአንዳቸውም ውስጥ ሳይሆን በመካከላቸው፣ በሚገባው መጣጣም መጉደል ነው። አውግስጢኖስን ሙሉ በሙሉ ባልቀበለውም እስከዚህ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ።

አንዳንዴ ግን ጥፋቱ በእርግጥ የተጎዳው ዕቃ የራሱ ነው። ማግኔቱ ከቦታው ሸርተት ያለ፣ ኮይሉ ገና ከፋብሪካው ጀምሮ የሚፋቅ ስፒከር አይቻለሁ። የተጎዳ ሁሉ ንጹሕ ነው የሚል ሕግ ማውጣትም ሳይለኩ መፍረድ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ ዝም ብለው ተቀምጠው ሳለ መልካም ወዳጆች ነበሩ። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው፤ የወዳጃቸውን ቁስል አይተው ኃጢአቱን ከቁስሉ ላይ አነበቡ። እግዚአብሔር በመጨረሻ የተቆጣው በእነሱ ላይ እንጂ ሲጮኽና ሲሟገት በነበረው በኢዮብ ላይ አይደለም።

ታዲያ ማንም አይጠየቅም ማለት ነው? አይደለም። ያው የዮሐንስ ምዕራፍ 9 የሚያልቀው ዓይናቸው ደኅና በሆኑ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ጌታችን ለፈሪሳውያኑ ባታዩ ኖሮ ኃጢአት ባልሆነባችሁ ነበር፣ እናያለን ስለምትሉ ግን ጸንቶባችኋል ይላቸዋል። ተጠያቂነት እዚህ ላይ ሕያው ሆኖ ይመጣል፤ ከማወቅ ጋር ይጀምራል፣ ወደፊትም ይሄዳል። በሣጥኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ «ሁለቱም 8 ኦም» ብዬ በትልቁ ጻፍሁ። ከዚህ በኋላ ባለ 4 ኦም የሚያስገባ ሰው አላወቅሁም ሊል አይችልም።

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ ልናገር። አያቴ በሰሜን ሸዋ ቀጥቃጭ ነበሩ። ለመንደሩ ሰዎች ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ መጥረቢያውንም የሚሠሩላቸው እሳቸው ነበሩ። ቀን ቀን ብረቱን ያመጡላቸዋል፤ ልጆቻቸውን ግን ከዓይናቸው ይሸሽጋሉ። ቡዳ ናቸው፣ ሰው ይበላሉ ይባል ነበር። ልጅ ሲታመም እንዲለፈልፍ ይደረጋል፤ ሲለፈልፍም የአያቴ ስም ይወጣል። ልጁን አልከሰውም። ትኩሳት ላይ ያለ ልጅ በዙሪያው ሲባል የሰማውን ይናገራል፤ ያንንም እንደ ማስረጃ የያዙት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከአፍ ቢገታ እንኳን በእኛ መንደር ፍርሃቱን ከልብ አላወጣውም።

አባቴ ስለ አንድ ቤት ይነግረኝ ነበር። በዚያ መንደር ልጆች ተራ በተራ የሚሞቱት ከዚያው ቤት ነው። ጎረቤቶቹ ቤቶች ከአያቴ ቤት የበለጠ ቅርብ ሆነው ሳለ ልጆቻቸው ያድጉ ነበር። ሁልጊዜ ያ ቤት ብቻ የሆነው ለምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ከየትኛው ምንጭ እንደሚቀዱ፣ ልጆቹ የት እንደሚተኙ፣ ሕመሙ እንዴት እንደሚጀምር። ምን እንደገደላቸው እኔም አላውቅም። ውሃው ይሁን፣ የቤቱ ጭስ ይሁን፣ በዘር የመጣ ደዌ ይሁን፣ ዛሬ ሊለካ አይችልም። እናታቸው መልስ መፈለጓን አልወቅሳትም፤ ይገባት ነበር። የመንደሩ ሰዎች ግን አያቴን ካገኙ በኋላ መፈለጋቸውን አቆሙ፤ ቀጣዩም ልጅ እዚያው ቤት ተወለደ፣ እዚያው ታመመ።