ግድግዳ የማያግደው ንብረት

የፋይበር ባለሙያው ቀጭኗን ጥቁር ገመድ ከምሰሶው ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ወደ ሳሎን ስቦ ሳጥኑ ላይ ከሰካት በኋላ አረንጓዴዋ መብራት እስክትረጋ ይጠብቃል። ከዚያ ለዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ እንዲመረጥለት ይጠይቃል። ከመርካቶ ተራዎች ጀርባ ባሉት የአዲስ ከተማ ጠባብ ግቢዎች ይህ ጥያቄ የቴክኒክ ብቻ ሆኖ አያልፍም። የቤቱ ጌታ ፓስወርዱን አስቦ ሳይጨርስ የጎረቤት ልጅ በሩን ተደግፎ ሊቆም ይችላል። «ጋሼ፣ ዋይፋይ አስገቡ እንዴ?»

አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው የውሃ ቧንቧን፣ መጸዳጃ ቤትንና የመብራት ቆጣሪን ከጎረቤቱ ጋር ሲጋራ ኖሯል። በቆጣሪ ሰበብ ያልተኳረፈ ግቢ ማግኘት ይከብዳል። የአንዱ አምፖል ነው፣ የሌላው ምጣድ፤ ሒሳቡ ግን አንድ ላይ ይመጣል። ጠቡ ቢያንስ ምክንያት አለው፤ አንዱ የተጠቀመበት ኪሎዋት ሌላውን ያስከፍላል። የቤት ፋይበር ግን ወርሃዊ ክፍያው እንደ ፍጥነቱ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። የጎረቤት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ቢያወርድ ሒሳቡ ላይ አንዲት ሳንቲም አትጨመርም። ታዲያ ለሰጪው የማይጎድል ነገር መከልከል ከፍትሕ ይቆጠራል ወይስ ከንፉግነት?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በእስልምና የሕግ ሊቃውንት ዘንድ ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች ናቸው የሚለው ሐዲስ ሲብራራ ኖሯል፤ የተረፈን ውሃ ከጠማው ሰው መከልከልም የተነቀፈ ነው። በክርስትናም መጥምቁ ዮሐንስ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል የሰጠው ምክር ይታወቃል። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ በሚጎራበቱበት መርካቶ ለጎረቤት መስጠትን በተመለከተ በሁለቱ ሃይማኖቶች አማኞች መካከል ብዙ ክርክር አይነሳም።

ክርክሩ የሚጀምረው ሳይጠይቁ ከመውሰድ ነው። የዱባይ የእስልምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ የጎረቤትን ዋይፋይ ያለ ፈቃዱ መጠቀም እንደማይገባ ፈትዋ ሰጥቷል። የኢትዮጵያው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኔትወርክ መግባትን ወንጀል ያደርጋል። ነገር ግን አንድ ተንኮለኛ ጠያቂ እንዲህ ሊል ይችላል፦ ሞገዱ ራሱ እኮ ሳይጋበዝ ቤቴ ገብቷል። እውነቱን ነው። ቆርቆሮ የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል፤ የጭቃ ግድግዳ ግን፣ በተለይ 2.4 ጊጋኸርዙን፣ ያሳልፋል። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ስለዚህ በእነዚህ ቤቶች እውነተኛው አጥር ጭቃው ሳይሆን ፓስወርዱ ነው። ሞገዱ የጎረቤትን አልጋ ቢዳብስም መልእክቱ ተመስጥሯል።

«የማይጎድል» የሚለው ቃልም ቢሆን ትንሽ ያታልላል። ብዙ ቦታ የተዘረጋው ጂፖን የሚባለው የፋይበር ዓይነት ከማዕከሉ የሚነሳውን አንድ ፋይበር መንገድ ላይ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ያካፍላል። ወደ ቤቶቹ የሚወርደው በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ያህል መረጃ ለሁሉም ሳጥኖች እኩል ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ሳጥን የራሱን ፈትቶ የሌላውን ይጥላል። ወደ ላይ ሲላክ ደግሞ እንደ ዕቁብ ነው፤ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። «የግሌ መስመር» የሚባለው ነገር ገና ደጃፍ ሳይደርስ የጋራ ነበር ማለት ነው። የምሽት መንቀርፈፍ አንዱ ምንጭም ይኸው ነው።

ሆኖም ከፍጥነቱ ይልቅ የሚከብደው ስሙ ነው። ራውተሩ በውስጡ ላሉት ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሁሉ የየራሳቸው የውስጥ አድራሻ ይሰጣል፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ግን ሁሉም አንድ አድራሻ ይለብሳሉ። ከውጭ ለሚያየው አሥሩ ሰው አንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው ውሉን የፈረመው ነው። ለጎረቤቷ ውሃ የቀዳች ሴት ጎረቤቷ ውሃውን ጠጥቶ ስለሚሠራው ጥፋት አትጠየቅም። ዋይፋይ የሰጠ ሰው ግን ጎረቤቱ አንድን ሰው ቢሰድብ ወይም ቢያጭበረብር መጀመሪያ በሩ የሚንኳኳው የእሱ ነው። የተሰጠው ኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን ስምም ነው። ዋስ መሆንን ለሚያውቅ የመርካቶ ነጋዴ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም፤ ለማይተማመንበት ሰው ዋስ እንደማይሆን ሁሉ ፓስወርዱንም ቢሰስት አይፈረድበትም።

የተቀባዩ ሥጋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ምጽዋት በስውር እንዲሰጥ ይመክራሉ፤ ተቀባዩም ከእፍረት ይድናል። እዚህ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ራውተሩን የያዘ ሰው፣ ከፈለገና ካወቀበት፣ የትኛው ስልክ በስንት ሰዓት የትኛውን ድረ ገጽ እንደጠየቀ ማየት ይችላል። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ስለሚመሰጠር የጽሑፉ ይዘት ባይነበብም የገጹ ስም ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ የጤና ጉዳይ፣ የሥራ ፍለጋ፣ የቪዛ ማመልከቻ። የሰጪው ቸርነት ሳያውቀው የተቀባዩን ምስጢር ሊገልጥ ይችላል። ከዚህ አንጻር ከጎረቤት በነጻ ከማግኘት ይልቅ አዋጥቶ መክፈል ለተቀባዩ ክብር ይሻላል፤ ባለድርሻ የሆነ ሰው እንዳይታይ የመጠየቅ መብት አለውና። (መሸጥ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውሉን ሳያነቡ አይሞከርም።)

አዋጥቶ መክፈል ግን የጋራ ሀብት መያዝ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በስዊዘርላንድ ተራሮችና በስፔን መስኖዎች ለዘመናት ሳይጠፉ የኖሩ የጋራ ሀብቶችን አጥንታ በ2009 እ.ኤ.አ የኢኮኖሚክስ ኖቤል አገኘች። ካገኘቻቸው ነገሮች አንዱ የሚጠቅም ነው፤ የጸኑት ማኅበራት አጥፊን ወዲያው አያባርሩም፣ ቅጣቱን ከትንሽ ይጀምራሉ። የዕቁብ ዳኛም ይህን ሳያነብ ያውቀዋል።

ራውተሩም እንዲህ ያለውን ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ቅጣት ይፈቅዳል። ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ ከፍቶ የባለቤቱን ፋይሎች ከዓይን ይሰውራል፤ አንዳንድ ሞዴሎችም ለእያንዳንዱ ስልክ የፍጥነት ጣሪያ ይወስናሉ። ስለዚህ አንዱ ጎረቤት መዋጮውን ሳይከፍል ሁለት ወር ቢያልፈው፣ በዚያው ሳምንት ደግሞ የልጁ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅ ቢሆን፣ ምርጫው መቁረጥና ዝም ማለት ብቻ አይደለም። በሰከንድ ወደ 2 ሜጋቢት ቢወርድለት የውጤቱ ገጽ ይከፈታል፤ ጥራቱ ከፍ ያለ ፊልም ግን እየቆመ ያስመርረዋል።