ቁጣ ወይስ ቂም?



በቅርቡ አንድ ምሽት፣ እዚህ ጪጩ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ልጄ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ መጣች። «አባ! ‹አንገር›፣ ‹ሬጅ›፣ ‹ሪዘንትመንት› የሚሉትን ሦስቱንም ቁጣ ብዬ ጻፍኳቸው። አንድ ከሆኑ ለምን ሦስት ቃል አስፈለጋቸው?» አለችኝ።

የእኔ እንግሊዝኛ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አያልፍምና የቃላቱን ምንጭ የሚያውቅ ወዳጄን ጠየቅሁት። ‹አንገር› ከጥንት የሰሜን አውሮፓ ቋንቋ የመጣ ሲሆን መነሻ ፍቺው ሐዘንና ጭንቀት ነበር። ‹ሬጅ› የላቲን ሥር አለው፤ ከዚያው ሥር የእብድ ውሻ በሽታ ስም ወጥቷል። ‹ሪዘንትመንት› ግን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው፤ ሥሩም አንድን ስሜት ዳግም መሰማት ማለት ነው።

እኛም ይህን እናውቃለን። ንዴት ‹ነደደ› ከሚለው ጋር ይዛመዳል፤ እሳት ነውና ነዶ ይጠፋል። ቁጣም ይበርዳል። ቂም ግን ይቋጠራል፤ እስኪፈታም ድረስ ይቆያል።

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በቡና ማሳችን ድንበር ምክንያት ተጣልተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ዒድ አልፊጥርም ዒድ አልአድሓም አለፉ፤ ቤቱ አልሄድኩም። ሰው ሲጠይቀኝ «እኔ አልተቆጣሁም» እል ነበር። እውነት ነው፣ ቁጣው የዚያኑ ቀን ማታ በርዶልኛል። ነገር ግን አጥሩን ባየሁ ቁጥር የተናገረኝ ቃል እንደ አዲስ ይሰማኝ ነበር። በእውነተኛ ቃል ራሴን ስዋሽ ኖሬአለሁ።

በ1111 እ.ኤ.አ. ያለፉት ኢማም አልገዛሊ በኢሕያእ ኪታባቸው ቁጣን፣ ቂምንና ምቀኝነትን በአንድ ክፍል አስቀምጠዋል። መውጫ ያጣ ቁጣ ወደ ውስጥ ተመልሶ ቂም እንደሚሆን፣ ቂምም ምቀኝነትን፣ ኩርፊያንና በሌላው መከራ መደሰትን እንደሚወልድ አስረድተዋል። ስለዚህ ቁጣ ሁሉ ነውር አይደለም። ሙሳ (ዐ.ሰ) ሕዝባቸው ጥጃ ሲያመልክ አግኝተው በቁጣና በሐዘን እንደተሞሉ ቁርኣን ይነግረናል፤ ቁጣቸው በበረደ ጊዜ ግን ጽላቶቹን አንስተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

«የተበደለስ?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አካባቢ በተነሳው ግጭት ስንቱ ከቤቱ ተፈናቀለ! እንዲህ ያለውን ሰው «እርሳው» ማለት በደል መጨመር ነው። መብትን መጠየቅ ቂም አይደለም። መብቱን የሚጠይቅ የራሱን ይፈልጋል፤ ቂመኛ ግን የራሱ ቢመለስለትም የሌላውን መጎዳት ይፈልጋል። ልዩነቱን ከአላህ ቀጥሎ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ እንዳያኮርፍ ከልክለዋል። ለቁጣ ጊዜ ተሰጠው፤ ለቂም ግን በር ተዘጋበት። አባቶችም «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ።

በማግስቱ ከዒሻ በኋላ፣ ታላቅ ነኝ ሳልል፣ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። የድንበሩ ነገር ዛሬም በሽማግሌ እጅ ነው፤ ድርሻዬንም አልተውኩም። ቡናውን ግን አብረን ጠጣን። ለልጄም «ሦስቱ አንድ አይደሉም፤ ሦስተኛውን ቂም ብለሽ አርሚው» አልኳት።

ወሏሁ አዕለም።