ከአንድ ብቅል ሁለት መጠጥ

ሐረር ላይ፥ ፈረስ መጋላ ከተባለው አደባባይ ብዙ ሳይርቅ፥ ጡረታ ከወጡ አንድ ሙስሊም መምህር ጋራ ራት ልንበላ ተቀምጠን ሳለን፥ አስተናጋጇ ለእኔ ሐኪም ስታውት የተባለውን ቢራ፥ ለእርሳቸውም አልኮል የሌለውን ሐረር ሶፊ አምጥታ ሁለቱን ጠርሙሶች ባንድ ጊዜ ከፈተችና፥ ከወዲያ ማዶ ሌላ እንግዳ ሲያጨበጭብላት ቸኩላ ቀድታልን ሄደች፤ ሁለቱም መጠጦች መልካቸው ጠቆር ያለ ነውና የእኔው ወደ እርሳቸው፥ የእርሳቸውም ወደ እኔ ብርጭቆ መግባቱን እርሷም እኔም ልብ አላልነውም። መምህሩ ብርጭቆውን አንሥተው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት ሽታው ነገራቸው። አልተቆጡም፤ አንዲት ጠብታ ሳይቀምሱ መልሰው አስቀመጡትና በጣታቸው ጫፍ ወደ እኔ ገፋ፥ የእኔንም ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፥ «እስቲ አንተ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ ትላለህ፤ ገብሱ አንድ፥ ውሃው አንድ፥ የሚጠመቅበት ቤት አንድ፤ ታዲያ ኃጢአቱ በየት በኩል ገብቶ ነው አንደኛው ለእኔ የተከለከለው?» አሉኝ። «ጋሼ፥ ይህንስ መመለስ የሚገባዎ እርስዎ ነዎት» ብዬ ላመልጥ ብሞክር፥ «እኔማ መልሴን ገፋ አድርጌ ሰጠሁህ፤ የቀረው ያንተ ነው» ብለው ሣቁብኝ።

ጥያቄው በዋዛ የተጣለ ቢሆንም፥ ከሐረር ሌላ በየትኛውም ከተማ እንደዚያ ቦታውን አግኝቶ ሊነሣ የሚችል አይመስለኝም። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያስገነቡት ጁገል የተባለው ግንብ፥ በጥንቶቹ አምስት በሮቹ ውስጥ 82 መስጊዶችን አቅፎ የኖረ ሲሆን፥ ንጉሥ ምኒልክ ከጨለንቆ ውጊያ በኋላ በጥር 1879 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዙ ወዲህ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን እዚያው በግንቡ ውስጥ ስለ ተተከለ፥ አዛኑና የቅዳሴው ደወል አንዱን አየር ሲከፋፈሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እንግዲህ በ1976 ዓ.ም. በቼኮስሎቫኪያ ሙያና መሣሪያ የተሠራው የሐረር ቢራ ፋብሪካ ሥራውን የጀመረው በእንዲህ ያለች ከተማ አጠገብ ነው። ወርቃማውን ቢራ በከተማዋ ስም ሐረር አለው፤ ጥቁሩን ከደቡብ በኩል ከተማዋን ቁልቁል በሚያያት በሐኪም ተራራ ስም ሰየመው፤ ለማይሰክረውም፥ ለሙስሊሙም፥ ለሕፃኑም፥ ለሾፌሩም የሚሆነውን የብቅል መጠጥ ሶፊ ብሎ አወጣው። በአማርኛ ሐኪም ማለት ባለ መድኃኒት ነውና፥ ጠጪው ስለ ጤናው ሲጠየቅ «ሐኪም ያዘዘልኝን እየወሰድሁ ነው» እንዲል ተራራው ሳያውቀው ምክንያት ሆኖታል።

ፋብሪካው ከመንግሥት እጅ ወጥቶ በ2003 ዓ.ም. ለሆላንዱ ሄኒከን በ78 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጧል፤ የበደሌ ቢራ ፋብሪካም በዚያው ጊዜ በ85 ሚሊዮን አብሮት ሄዷል። ስለ ገንዘቡ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም፤ ይልቅስ የሚያስደንቀኝ ባለቤቱ ሲለወጥ ስሞቹ አለመለወጣቸው ነው። ስም ካነሣን ዘንድ፥ በመጠጥ ላይ የተቀደሰ ስም መጻፍም በዚህች አገር የቆየ ነገር ነው፤ በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የመጀመሪያው ጠመቃ ቤት የሰማዕቱን የጊዮርጊስን ስም ተሸክሞ እስከ ዛሬ ሲኖር፥ ክርስቲያኑ «አንድ ጊዮርጊስ ስጠኝ» ሲል የሚሳለመውን ስም እየጠራ መሆኑን ረስቶታል። ይህን የሚነቅፉ ካህናት አጋጥመውኛል፤ ነገር ግን የማኅበር ጠላ በጽዋ ተቀድቶ በጻድቁ ስም ሲዞር ያደገ ሰው፥ ስሙ ከጋን ወደ ጠርሙስ ተሻገረ እንጂ አዲስ ነገር አልሆነም ቢል መልስ ይታጣለታል።

ወደ መምህሩ ጥያቄ ልመለስ። የቀደሙት ሊቃውንቶቻችን ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፥ ከመሬት፥ ከውሃ፥ ከነፋስና ከእሳት የተሠራ ነው ብለው ሲያስተምሩ፥ ብቅልን በዚህ ዐይን ያዩት አይመስለኝም እንጂ ቢያዩት ኖሮ ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ ባላገኙ ነበር፤ ገብሱ ከመሬት ወጥቶ በውሃ ይዘፈዘፋል፥ በነፋስ ተንፍሶ ይጎነቁላል፥ ጕንቍላቱ ጥሩ ሲሆን እሳት ያደርቀዋል፤ እሳቱ በረታ ያለ እንደ ሆነም ብቅሉ ተቆልቶ ይጠቁርና እንደ ሐኪም ያለውን ጥቁር መጠጥ ይወልዳል። እስከዚህ ድረስ በምንጠጣው ነገር ላይ ሁለት ሃይማኖት የለም። የብቅሉ ጣፋጭ ውሃ ሲፈላ የሚያየው ሰው፥ በባልዲ ቀድቶ ለማንም ቢሰጥ ማንም አይከለክለውም። ልዩነቱ የሚመጣው እርሾ ሲጨመርና ጣፋጩን እየበላ አልኮልና አረፋ ሲያደርገው ነው፤ አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥም ይህ ሥራ ሳይጀመር ወይም ሳይገሠግሥ የተያዘ ነው።

እንግዲህ ኃጢአቱ እርሾው ነውን? በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1516 የባቫርያ መሳፍንት ቢራ ከገብስ፥ ከሆፕስና ከውሃ በቀር በሌላ ነገር እንዳይጠመቅ በዐዋጅ ሲከለክሉ፥ እርሾን ስሙን እንኳ አልጠሩትም፤ ያላዩት ፍጥረት ነበርና፤ ሥራውን ገልጦ ስለ ቢራ ትልቅ መጽሐፍ ያወጣው ሉዊ ፓስተር በ1876 ነው። የእኛ እናቶች ግን ፓስተር ሳይወለድ ያን ፍጥረት በእንጀራ ሊጥ እርሾ፥ በጠላም ጥንስስ ብለው ለይተውት ነበር። በእንጀራው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠግቡበታል፤ ሊጡ ሲቦካ የሚያፈልቀው ትንሽ አልኮል በምጣዱ ትኵሳት ይተናል። ስለዚህ እርሾውን በፍርድ ፊት ብናቆመው ሁለት ምስክር ይዞ ይመጣል፤ አንዱ መሶብ፥ ሁለተኛው ጋን፤ ምስክርነታቸውም እርስ በርሱ ይጣላል።

የእስልምና የሕግ ሊቃውንት በዚህ ነገር የደከሙበትን ያህል እኛ ደክመናል ለማለት አልደፍርም። ከእነርሱ መካከል የኩፋ ሊቃውንት፥ ከአቡ ሐኒፋ ጀምሮ፥ ከወይን የሚወጣውን ከሌላው አስካሪ ለይተው ሲያዩት፥ ብዙዎቹ መዝሀቦች (የሕግ ትምህርት መንገዶች)፥ በሐረር ዑለማ ዘንድ በብዛት የተያዘው የሻፊዒይ መዝሀብም ጭምር፥ ብዛቱ የሚያሰክር ሁሉ ጥቂቱም የተከለከለ ነው ብለው ደጁን ዘግተውታል። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው ግን የኮምጣጤው ነገር ነው፤ የወይን ጭማቂ ሳለ የተፈቀደው፥ ሲፈላ የተከለከለ ይሆንና፥ በራሱ ጊዜ ኮምጥጦ ኮምጣጤ ሲሆን ደግሞ ተመልሶ ይፈቀዳል። አንዱ ፈሳሽ በአንዱ ማሰሮ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ሦስት ፍርድ ሲያገኝ፥ ፍርዱ በፍጥረቱ ላይ ሳይሆን በጠባዩ ላይ መሆኑን ከዚህ ወዲያ ማን አሳምሮ ሊያስረዳን ይችላል?

በእኛም በኩል የወይን ጠጅና የሚያሰክር መጠጥ ለመጥምቁ ዮሐንስ ተከልክሎ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ተፈቅዶለታል፤ አፈ ወርቅ ዮሐንስም ወይኑን የእግዚአብሔር፥ ስካሩን የዲያብሎስ አድርጎ ማስተማሩ የታወቀ ነው። ይህች አገር በዓል ሁሉ በጠላ የሚከበርባት ሆና ሳለች፥ ለቍርባን ግን የሚቀርበው ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ የተጨመቀ እንጂ የፈላ ወይን አለመሆኑን ሳስብ፥ አባቶች መቅደሱን ከደጀ ሰላሙ በየትኛው መስመር እንደ ለዩት ይታየኛል። ጾመኛው ወተትና ቅቤ ትቶ፥ ጠላ ቅባት የለበትም በሚል ምክንያት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጠጥቶ ሰክሮ ሲገባ ግን ሕጉን ጠብቆ ምክንያቱን ያፈረሰ ነው፤ ይህ ሐቅ ከእኛ ወገን የሚወጣ እንጂ ከመምህሩ አፍ የሚጠበቅ አይደለም።

ኃጢአት በኀልዮ፥ በነቢብና በገቢር ይሠራል ሲባል፥ ገብስ አያስብም፥ አይናገርም፥ የሚሠራውም የፈጠረውን ጌታ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ እኔ ወደ ጠርሙሱ ውስጥ ማየቱን ትቼ በጠርሙሱ ዙሪያ ማየት ጀመርሁ። ፋብሪካው ሥራ በጀመረ በዓመቱ፥ በ1977 ዓ.ም.፥ በወሎና በትግራይ ሰው በረኃብ ያልቅ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በየትኛውም ቤት የተዘፈዘፈ ገብስ እንጀራ ሊሆን ይችል ነበር። ይህን የምለው አንዱን ጠመቃ ቤት ለመክሰስ አይደለም፤ በዚያ ዓመት ጠላ የጠመቀች የመንደር ሴት፥ ድግስም የደገሰ ባለ ሥልጣን ከዚሁ ጥያቄ ውጭ አይደሉም። ገብሱን ኃጢአት የሚያደርገው እርሾው ሳይሆን፥ ከሚፈልገው ሰው አፍ ላይ መነጠቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

የውሃውም ነገር እንዲሁ ነው። ሐረር ውሃ የተጠማች ከተማ ናት፤ ሲቀዳላት የኖረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ፥ ጀልባ ይቀዘፍበት በነበረው ስፍራ ከብት ሲሰማራ ታይቷል፤ ኋላ እንደ ገና ውሃ ማቆር ጀመረ እንጂ። የደረቀበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ደለሉ፥ ከተማው የሚቀዳው፥ ከሁሉም በላይ በዙሪያው ጫትና አትክልት ለማጠጣት ቀንና ሌሊት የሚስቡት ፓምፖች። ጫት በብዙ ቤት ከዱዓና ከዚክር ጋራ የሚቃም፥ ቢራም ከመስጊድ ደጅ የሚርቅ ነገር ነው፤ ከቀትር በኋላ መርቅኖ ማታ ጨብሲ ብሎ ቢራ የሚያነሣ ወጣት ግን ሁለቱንም አስታርቋቸዋል። ሐይቁን ካደረቁት መካከል ፊተኛው ቅጠሉ መሆኑን ያየ ሰው፥ የትኛውን ይበልጥ እንዲኮንን ሲጠየቅ ጥቂት ማሰላሰሉ አይቀርም። አንድ ሊትር ቢራ ለማውጣት ደግሞ፥ ጋኑንና ጠርሙሱን ማጠቢያ ሲጨመርበት፥ ጠመቃ ቤቶች በጠቅላላው ከአራት እስከ ሰባት ሊትር ውሃ ይፈጃሉ።

ይህን ሁሉ በዚያ ምሽት ለመምህሩ አልነገርኋቸውም፤ ያን ጊዜ አላሰብሁትምና። ሁለተኛውን ሐኪም አዝዤ እየጠጣሁ ሳለሁ ለዒሻ የሚጠራው አዛን ከየአቅጣጫው ተነሣና፥ እርሳቸው ለውዱእ ወደ ጓዳ ሄደው ቧንቧውን ቢከፍቱት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። አስተናጋጇ ይቅርታ እየጠየቀች ከቢጫ ጀሪካን በትንሽ ማንቆርቆሪያ ቀድታ አመጣችላቸው፤ እርሳቸውም እጃቸውን፥ አፋቸውን፥ ፊታቸውን፥ ክንዳቸውን እስከ ክርን፥ ራሳቸውን አብሰው እግራቸውን እስከ ቍርጭምጭሚት ሲታጠቡ፥ አንዲት ጠብታ በከንቱ አልወደቀችም። ሲጨርሱ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀረውን ለልጅቱ መለሱላት። የታጠቡበት ውሃ እኔ ፊት ባዶአቸውን ከቆሙት ሁለት ጠርሙሶች አይበልጥም ነበር።