ውሃው ወዴት ይሂድ?

ለዓመታት ተማሪ ፊት ቆሜ ስለ በጎና ስለ ክፉ ብዙ አውርቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ይበልጥ ያስጨነቀኝን ጥያቄ የጠየቀኝ ግን አንድ ግንበኛ ነው። ጥያቄዋ አጭር ናት፤ «ጋሼ፣ ውሃውን ወዴት እናርገው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግቢያችን በር እስከ ቤቱ ደረጃ ያለው መኪና መግቢያ አፈር ነበር። አፈር ስላችሁ የአዲስ አበባን ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣውን፣ በክረምት ጫማ የሚያስቀረውን። መኪናዋ በሐምሌ ስንቴ ተቀርቅራ የሰፈር ልጆች እንደገፏት እኔና ልጆቹ እናውቃለን። (ልጆቹ የበለጠ ያውቃሉ፤ በነጻ ገፍተው አያውቁም።) ስለዚህ አርማታ ይፈስበት ተባለ። አንዴ ተሠርቶ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ።

ግንበኛው ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ ገረጋንቲ አስሞላ፤ እየረጠበ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ወደሚቀጥለው አላልፍም አለ። የቀን ሠራተኞቹ ማቡካቱ እንዲቀላቸው ባልዲ ውሃ ጣል ሲያደርጉ ከደረሰባቸው ይቆጣል። ውሃ የበዛበት ኮንክሪት ሲፈስ ይመቻል እንጂ ሲደርቅ ጉልበት የለውም። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሰጥቶ በየ3 ሜትሩ ከፋፈለው። «ኮንክሪት መሰንጠቁ አይቀርም ጋሼ፤ እኛ በመረጥንለት ቦታ ይሰንጠቅ» አለኝ። ይህን አባባል ስለ ትዳርም ሳስበው ሰንብቻለሁ። ሊሾ አርግልኝ ብለው «በክረምት ሊወድቁበት ነው?» ብሎ ገና ሳይደርቅ በመጥረጊያ አሻከረው። ከዚያ ሰባት ቀን በጆንያ ሸፍኖ ውሃ ማጠጣት ሆነ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሲሚንቶ ውሃ ማጠጣት ምን ዓይነት ኃጢአት እንደሆነ ሌላ ቅዳሜ እንነጋገርበታለን።

ጥያቄው የመጣው ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ውሃ ልኩን ይዞ መሬቱን ሲለካ ነው። ለአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ መስጠት አለበት። ወዴት? ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ከሆነ ጠለቅ አድርጎ መቆፈር፣ ቱቦ መቅበር፣ ተጨማሪ ገንዘብ አለው። ወደ ቀኝ ከሆነ ወጪ የለውም፤ ቦታው ራሱ ወደዚያ ያጋደለ ነው። በቀኝ በኩል ደግሞ የታችኛዋ ጎረቤታችን የጭቃ ቤት አለ።

«ድሮስ ወዴት ይሄድ ነበር?» አልኩት።

«ወደዚያው።»

«እንግዲያው ወደዚያው ይሂድ።»

እስቲ መልሴን እዩልኝ። ውስጡ ሙግት አለ። እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ውሃ ቁልቁል የሚወርደው በእኔ ትእዛዝ አይደለም፤ ድሮም ይወርድ ነበር ነው ነገሩ። ሙግቱ የሚዋሸው «ድሮ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ድሮ አፈሩ ይጠጣ ነበር፤ ሳሩ ያዘገየው ነበር። አሁን የሚጠጣም የሚያዘገይም የለም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው። የእኔ አርማታ 20 ሜትር በ4፣ ማለትም 80 ካሬ ሜትር ነው። ነሐሴ ላይ 200 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ (ለአዲስ አበባ ይህ ብዙ አይደለም) 16,000 ሊትር ይሆናል። በባለ 200 ሊትሩ በርሜል 80 በርሜል። ይህን ያህል ውሃ በበርሜል እየተሸከምኩ ከሰው ግድግዳ ሥር ብደፋ ሰፈሩ አብዷል ይለኝ ነበር። አጋድዬ ሳፈስሰው ግን «ጋሼ ግቢያቸውን አሳመሩ» ተባልኩ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1225 ባለቤት በይዞታው ሲጠቀም ጎረቤቱን ከማወክና ከመጉዳት እንዲቆጠብ ያዛል። ሕግ ግን ከሳሽ ይፈልጋል፤ ከሳሽም ማን እንደጎዳው ማወቅ አለበት።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ግድግዳው ከሥሩ እስከ ጉልበት ረጥቧል፤ ልስኑ አብጦ ተላቋል። አልጋቸውን ወደ መሐል ስበውታል። «ዘንድሮ እግዜርን በምን እንዳስቀየምነው እንጃ፤ እንዲህ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም መምህር» አሉኝ።

ዝናቡ እንደ ወትሮው ነበር።

ፕላቶ «ሪፐብሊክ» ውስጥ የጋይጅስን ቀለበት ታሪክ ያስተርካል። ቀለበቱ ያለው ሰው አይታይም፤ የፈለገውን ሠርቶ አይያዝም። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ስለ ምን ብሎ ጻድቅ ይሆናል? ይህን ሳስተምር ቀለበቱ የተረት ዕቃ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዝናብም ቀለበት ይሆናል። እንዲያውም የኛው አያ ጅቦ ከእኔ ይሻላል። ከላይ ሆኖ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ሲላት ቢያንስ ፊቷ ቆሞ ነው። እኔ በእግዜር ሲሳበብ ዝም ብዬ ሁለተኛውን ስኒ ተቀበልኩ።

በመስከረም ግንበኛውን መልሼ ጠራሁት። አፈር ቢሆን በአካፋ ይስተካከል ነበር፤ ኮብልስቶን ቢሆን ነቅሎ መልሶ መደርደር ነው። አርማታ ግን ጠንክሮ እንዲቆይ ስንለፋለት የከረምነው ነገር ነው፤ ስህተቱም አብሮ ጠንክሯል። በመቁረጫ እየጮኸ በቀኙ ጠርዝ ቦይ አወጣ፣ በብረት ፍርግርግ ከደነው፣ ጫፉን በቱቦ ወደ መንገዱ አዞረው። መጀመሪያውኑ ቢሠራ ከሚያስወጣኝ በላይ አወጣሁ።

«ያኔ ምነው ዝም አልከኝ?» አልኩት።

«ጠይቄዎት ነበር» አለ።

«ግንበኛው እዚሁ ስላለ» በሚል ሰበብም የጎረቤቴን ግድግዳ አስለሰንኩ። እማማ ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ምርቃት የከበደችኝ የለችም።

አንድ ወዳጄ «ዕዳህን ከፍለሃል፣ ከዚህ ወዲያ መናዘዝ ራስን ለማስደሰት ነው፤ ሴትዮዋን ለምን ታሳዝናለህ?» ይለኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። አንዳንዴ ልክ ነው እላለሁ፣ በተለይ ሲመሽ። ነገር ግን የወሰድኩባቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ደረቅ ግድግዳቸው ነው፤ መልሻለሁ። ሁለተኛው ማን እንደበደላቸው የማወቅ፣ አውቀውም የመቆጣት ወይም ይቅር የማለት መብታቸው ነው። ቦይ ቆፍሬ ይህን አልመለስኩም። ይባስ ብሎ ምርቃት ተቀብዬበታለሁ።

በማግሥቱ ክረምት እንደገና ቡና ተጠራን። «ዘንድሮስ ማረን፤ ተመስገን» አሉ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ።

«ተመስገን» አልኩ።

ይህን ጋዜጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። የእኔን ዓምድ ዘላ እንደማታውቅም ነግረውኛል።