ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለው አገልግሎት

በእኛ ዘንድ «እገሌ አገልጋይ ነው» ሲባል ወዲያው ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ማን ነው? ቄሱ፣ ዲያቆኑ፣ ሰባኪው፣ ዘማሪው፣ አለዚያም የቦርዱ አባል ነው። የቀረነው «ምእመናን» እንባላለን። እሑድ መጥተን፣ አስቀድሰን ወይም ስብከት ሰምተን፣ አሥራታችንን ሰጥተን ወደየቤታችን እንመለሳለን። በማግሥቱ አንዱ ወደ ነርሲንግ ሆም፣ አንዱ ወደ ኤርፖርት፣ አንዱ ወደ ፓርኪንግ፣ ሌላውም ወደ ታክሲው ይሄዳል። በዚህ አኗኗራችን እሑድ የእግዚአብሔር፣ የቀሩት ስድስት ቀናት ደግሞ የኪራይና የቢል ሆነው ቀርተዋል። ታዲያ ይህ አከፋፈል ትክክል ነውን? በእምነት ማደግ ማለትስ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ወንበር መሸጋገር ነውን? ዛሬ ከእናንተ ጋር ልመረምረው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ከቃሉ እንነሣ። «ዲያቆን» ከግሪክ የተወረሰ ቃል ሲሆን ትርጉሙም አገልጋይ፣ አስተናጋጅ ማለት ነው። ሹመቱ እንዴት እንደተጀመረ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ይነግረናል። የኢየሩሳሌም ክርስቲያኖች ለመበለቶች በየቀኑ ምግብ ያከፋፍሉ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ «የእኛ መበለቶች ተዘነጉ» በማለት ቅሬታ አሰሙ። ልብ በሉ! ቅሬታ ያቀረቡት ሰዎች ቋንቋቸው ከአገሬው ቋንቋ የተለየ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የመጀመሪያው የአገልግሎት ምርጫ የተደረገው እንደ እኛ ቋንቋው የተለየ ወገን እንዳይረሳ ነው። ለዚህ ማዕድ ሥራ የተመረጡትም ሰባቱ ሰዎች መልካም ስም ያላቸው፣ በመንፈስና በጥበብ የተሞሉ መሆን ነበረባቸው። እንጀራ ለማከፋፈል መንፈስ ቅዱስ ምን ያደርጋል? ሐዋርያት ግን እንዲህ ብለው አልጠየቁም። ከሰባቱ አንዱ በቤተ ክርስቲያናችን ሊቀ ዲያቆናት ተብሎ የሚጠራው ቅዱስ እስጢፋኖስ ነበር፤ ለክርስቶስ ስም ደሙን በማፍሰስም የመጀመሪያው ሆነ። የሰማዕቱ ጎዳና የተጀመረው ከማዕድ ቤት ነው ማለት ነው።

ሩቅ ዘመንን ትተን ወደ ቅርቡ፣ እንዲያውም ወደምንኖርበት ከተማ እንምጣ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከእኛ መካከል አብዛኞቻችን ወደ ሚኒሶታ ከመምጣታችን ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ከ1963 እስከ 1966፣ አንድ ኢትዮጵያዊ እዚሁ ሴይንት ፖል ውስጥ በሉተር ሴሚናሪ ሥነ መለኮት ተምረው ነበር። እኒህ ሰው የወለጋው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። ቄስ ከመሆናቸው በፊት በነቀምቴ ሆስፒታል በድሬሰርነት ሠርተዋል፤ ቁስል አጥበዋል፣ አሽገዋል። ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1966 ወደ አገራቸው ተመለሱና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

በ1972፣ እሳቸው ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ጄኔቭ ለሚገኘው የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ጉዳዩ እንዲህ ነበር። የውጭ ረጂዎች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለውኃ ጉድጓድ ገንዘብ በቀላሉ ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ሥራ ሲጠየቁ ግን እጃቸው ያጥራል። ደብዳቤው የነቀፈው ይህንን አከፋፈል ነው። ፍሬ ነገሩ ሲጨመቅ፣ ሰው አንድ ነው፤ ነፍሱን ለአንዱ፣ ሥጋውን ለሌላው መክፈል አይቻልም የሚል ነው። ዳቦ የተነፈገ ሰው ስብከት ብቻ አይበቃውም፤ ዳቦ የጠገበ ሰውም በዳቦ ብቻ ሰው አይሆንም።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ያ ደብዳቤ ዛሬ ለእኛ ቢጻፍ ምን ይለን ይሆን? ያን ጊዜ ሰውን የከፈሉት ረጂዎቹ ነበሩ። እኛ ግን ራሳችንን በራሳችን ከፍለናል። የእሑዱ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ወይም መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል። የሰኞው ሰው ደግሞ የሥራ ሰዓቱን አብዝቶ ይሞላል፣ በባልደረባው ላይ ወሬ ያዋስዳል፣ ሚስቱን ያመናጭቃል፣ ለልጁ ጊዜ የለውም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ አካል ውስጥ እየኖሩ አይተዋወቁም። በእምነት ማደግ ማለት እንግዲህ እነዚህን ሁለት ሰዎች ማስተዋወቅ፣ ብሎም አንድ ማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ከማኅበረሰባችን ብዙ እናቶችና እኅቶች፣ ወንድሞችም ጭምር፣ በነርሲንግ ሆም ይሠራሉ። በጃንዋሪ 30 ቀን 2019 የሚኒያፖሊስ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። የአረጋውያኑ ቤት ግን አይዘጋም። አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ በብርድ ምክንያት ሳይገላበጥ፣ ሳይታጠብ አይቀርም። አንድ ሠራተኛ ይህን ሥራ በሁለት ዓይነት መንገድ ሊሠራው ይችላል። አንደኛው ሰዓቱ እስኪያልቅ እንደ ዕቃ እያገላበጠ ነው። ሁለተኛው ስሙን ጠርቶ፣ ገላውን ሸፍኖ፣ ውኃው እንዳይቀዘቅዝበት ተጠንቅቆ ነው። ደመወዙ ያው ነው፤ ሱፐርቫይዘሩም አያየው ይሆናል። ልዩነቱን የሚያውቁት ሽማግሌውና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው። ጌታ በመጨረሻው ራት ምሽት ወገቡን ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ያሳየን ከዚህ የተለየ ነውን? በኅሙስ ጸሎተ ሐሙስ ካህናት እግራችንን ሲያጥቡ እንባችን ይመጣል፤ ዓመቱን ሙሉ እግር የምታጥበውን እኅታችንን ግን «አገልጋይ» ብለን ጠርተናት አናውቅም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው «እንዲህ ከሆነማ ሥራዬ አገልግሎቴ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ለምን ያስፈልገኛል?» የሚል ነው። አይደለም፤ ዛፍ ፍሬ የሚያፈራው በቅርንጫፉ ቢሆንም ውኃ የሚጠጣው በሥሩ ነው። ጸሎቱ፣ ቅዳሴው፣ ቃሉ፣ ቅዱስ ቁርባኑ ሥሮቻችን ናቸው። ከዚያ የተለየ ደግነት ለጥቂት ጊዜ ለምልሞ በሁለተኛው ክረምት ይደርቃል። ደግሞም ቤተ ክርስቲያን ራሷ እጅ ትፈልጋለች። በሥርዓታችን ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይሻል፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ከእነሱ ጀርባ ግን በቤተ ልሔም ኅብስቱን የሚያዘጋጅ አለ፤ ንጋት ላይ ከደጃፉ በረዶ የሚጠርግ፣ ሳህን የሚያጥብ፣ ሕፃናትን ፊደል የሚያስቆጥር አለ። ማይክሮፎን የማይደርስበት አገልግሎት ሁልጊዜ ሰው ይጎድለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የድካም ነው። «ሁለት ሥራ እየሠራሁ፣ አገር ቤት ቤተሰብ እየረዳሁ፣ ሌላ ሸክም እንዴት ልጨምር?» ይህ እውነተኛ ጩኸት ነው፤ በስብከት ሊሸፈን አይገባውም። ደግነቱ የምንናገረው ስለ አዲስ ሸክም አይደለም። ቀድሞውንም የተሸከምነውን በሌላ ልብ ስለ መሸከም ነው። የቀረውን ደግሞ መካፈል ይቻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ አንዲት መኪና የማትነዳ እናትን በየሳምንቱ አንድ ሰው ብቻ ቢያመላልሳት ይሰለቻል፤ አራት ሰው ቢፈራረቅ በወር አንድ ቀን ይደርሰዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አባቶች በሁለት ሲኖዶስ ተለያይተው፣ በ2018 ዋሽንግተን ላይ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይተዋል። ወንጌላውያኑም ቢሆኑ ከመከፋፈል አልዳኑም። ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ ዘመን ለቅሶ ቤት የገባ እንጀራ ከየትኛው ወገን መጣ ተብሎ ተመልሷልን? ትልልቆቹ ስብሰባዎች ያልጠገኑትን የእናቶች ድስት ሲጠግነው ኖሯል። አንድነት የሚጀምረው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ቄስ ጉዲና ልመለስ። በደርግ ዘመን በተደጋጋሚ ታሰሩ። ከአገር የመውጫ መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ ሕዝባቸውን ጥለው መሄድን አልመረጡም። በጁላይ 28 ቀን 1979 ከታፈኑ በኋላ ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለረጅም ዓመታት በእስር ማቀቁ። በዚያው ክረምት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1992፣ የሁለቱም አፅም የልዑል ራስ አሥራተ ካሣ መኖሪያ ከነበረው ግቢ ወጣ። አንዱ የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ፣ ሌላው የወንጌላውያን መሪ፤ አንድ አፈር አለበሳቸው።

እንዲህ ያለ ጽናት በመጨረሻው ሰዓት ድንገት የሚገኝ አይመስለኝም። ቁስል ሲያጥቡ፣ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ሰው ሳያያቸው ሲታዘዙ በየቀኑ የተጠራቀመ ነው። ከእኔና ከእናንተ ማንም ደም አልጠየቀንም። የተጠየቅነው ትዕግሥት፣ ሐቀኝነትና ጥቂት ሰዓት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምራችሁ አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ክሊኒክ ሄዶ ለአንድ አዲስ መጪ ማስተርጎም ይሁን፣ ከቤት ያልወጣች አንዲት አሮጊትን መጠየቅ ይሁን፣ ወይም በሥራ ቦታ ያስቀየማችሁትን ባልደረባ ሰላም ማለት ይሁን። ለማንም አትንገሩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትመጡ ግን ያንን ሰው በልባችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ጸሎታችሁ ከቀድሞው ይለያል።

እግዚአብሔር ሳምንታችንን ሁሉ ይባርክልን።