የባልንጀራን መክሊት ስለ መቅበር

ወዳጄ ሆይ፤ በፓዌ መንገድ ዳር ጫማህን ለማስጠረግ በተቀመጥህ ጊዜ እግርህን በሣጥኑ ላይ ታኖራለህ እንጂ የልጁን ፊት አታይም። ሒሳቡን ሰጥተህ ትሄዳለህ። ነገር ግን እግዚአብሔር በዚያ ልጅ ውስጥ ምን እንደ ሰወረ ታውቃለህን?

እነሆ፥ በአገራችን የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። አቶ ማሕሙድ አሕመድ በ1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። ትምህርት አልሆነላቸውምና በልጅነታቸው ጫማ ይጠርጉ ነበር። በኋላም አሪዞና በሚባል የሌሊት ክለብ ገብተው የታዘዙትን ጥቃቅን ሥራ ሁሉ ይሠሩ ጀመር። ወደዚያም ቤት የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ይመጡ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፥ በአንዲት ሌሊት ዘፋኙ ሳይመጣ ቀረ። ያን ጊዜ ያ ሠራተኛ ጥቂት ይዘፍን ዘንድ ለመነ፤ ተፈቀደለትም። ከዚያ ወዲያ አቶ ማሕሙድ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘፋኝ ሆኑ።

ያም ዘመን የአሜሪካ ጃዝ ከትዝታና ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ቅኝት ጋር የተዋሐደበት ዘመን ነበር። «ኧረ መላ መላ» የተባለው ዘፈናቸው ባሕር ተሻግሮ ተሰማ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በሰዓት እላፊ ምክንያት የሌሊቱ ጨዋታ በተቋረጠ ጊዜም ሥራቸውን አልተዉም፤ በፒያሳ የሙዚቃ ሱቅ ከፍተው እየሠሩ ይዘፍኑ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀበሉ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት ካለፈ በኋላ በአዲስ አበባ መድረኩን ተሰናበቱ።

ምናልባት «የሌሊት ክለብ ዘፈን ለክርስቲያን ምን ይጠቅመዋል?» ትል ይሆናል። እኔ ስለ ዘፈኑ አልናገርም፤ ስለ ፈቀዱለት ሰዎች እናገራለሁ። «አንተ የቤት ሠራተኛ ነህ፤ ወደ ሥራህ ሂድ» ብለውት ቢሆን ኖሮ ያ ድምፅ የት ይቀር ነበር? የራሱን መክሊት በምድር የቀበረው አገልጋይ በጌታው ዘንድ ከተወቀሰ፥ በንቀቱ የባልንጀራውን መክሊት የሚቀብር ሰውማ ምን ይመልስ ይሆን?

እናንት የፓዌ ልጆች ሆይ፤ ይህ ነገር ለእናንተ ሩቅ አይደለም። ወላጆቻችሁና አያቶቻችሁ በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፥ ከከምባታና ከሐዲያ መጥተው በበለስ ሸለቆ በሰፈሩ ጊዜ ሁሉም በባዶ እጅ ጀማሪ ነበር። በዚያም ከእነርሱ አስቀድሞ የጉሙዝ ሕዝብ ነበረ። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር አንዱ ሌላውን በአነጋገሩና በአለባበሱ መናቅ ይቀለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ግን የማያውቀውን ሀብት በገዛ እጁ ይቀብራል።

ስለዚህ፥ አስተማሪ ሆይ፥ በኋላ ወንበር የተቀመጠውን ዝምተኛ ጠይቀው። የቤት እመቤት ሆይ፥ የሠራተኛሽን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ስደጂ። ተማሪ ሆይ፥ የሚንተባተበውን ባልንጀራህን አትሣቅበት። አንተም ጫማህን የምታስጠርግ ወዳጄ፥ ነገ በተቀመጥህ ጊዜ ዓይንህን ዝቅ አድርግና ስሙን ጠይቀው።