አለማወቅና የፈረስ ገጣባ
በንፋስ ስልክ ላፍቶ ዳርቻ፣ በለቡና በጀሞ በኩል፣ ፈረስ ለጋሪ የሚገዛ ጀማሪ አያያዙን የሚማረው በእንስሳው ገላ ላይ እንዳይሆን ያሰጋል። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ በደግነት የበዛለት ገብስ በሆድ ቁርጠት ሊገድለው ይችላል። በልኩ ያልሆነ የፈረስ ዕቃ መጀመሪያ ፀጉሩን ይመልጣል፣ ቀጥሎ ቆዳውን ይልጣል፤ ገጣባው የሚታየው ግን ዕቃው ሲወርድ ነው።

ታዲያ ሳያውቅ ያሠቃየ ሰው በደለኛ ነው? ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 4 ባለማወቅ ለተሠራ ኃጢአትም መሥዋዕት ያዛል፤ አለማወቅ በደሉን አይሽረውም ማለት ነው። ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ ሲደነግግ፣ አስቀድሞ የተነገረውን ባለቤት ካልተነገረው አብልጦ ይጠይቃል። አርስቶትል ደግሞ ሰው ለአለማወቁ ራሱ ምክንያት ከሆነ ይቀጣል ባይ ነው። ለፈረስ ባለቤት የሚስማማው ይኸኛው ሚዛን ነው፤ በሬ የወጋው ሰው ዘመድ ይከስሳል፣ ፈረስ ግን ሕመሙን የሚናገርለት የለውምና ባለቤቱ እስኪነገረው ሳይጠብቅ ራሱ ሊያውቅ ይገባዋል። ነባር ባለጋሪንና የእንስሳት ሐኪምን መጠየቅ እንግዲህ ከግዢው የሚቀድም ግዴታ ነው።

ሙያ የማይጠይቅ ግዴታም አለ፦ የሰንበት ትእዛዝ ዕረፍትን ለከብትም ጭምር ደንግጓል፤ ይህን ለመፈጸም ጀማሪ መሆን አያግድም።